ብርቱካን አዳዲሶቹን ልትጨርሳቸው ነው፣ ትታረድ ወይስ ምን ይሻላል?

ደብዳቤው፦

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ፣ ሁሌ አነብዎታለሁ ጽፌ ግን አላውቅም። ለቡ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ግቢያችን ጠባብ ናት ዙሪያዋን ግንብ ነው። 6 ቦቫንስ ዶሮዎች አሉኝ፣ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል። ቤታቸውን ባለቤቴ ነው በእንጨትና በሽቦ የሠራው፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ነው። እስካሁን በጣም ሰላም ነበሩ፣ በቀን 5 አንዳንዴም 6 እንቁላል አገኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የሦስት ወር ቄቦች 5 ገዛሁና ቅዳሜ ቀን እዛው ለቀቅኳቸው። ከዛን ቀን ጀምሮ ብርቱካን የምንላት ዶሮ (ስሙን ያወጣችላት የ7 ዓመት ልጄ ናት) ሌላ ሆነችብኝ። መኖ ጋ ሲጠጉ ታባርራቸዋለች፣ ጀርባቸው ላይ ወጥታ ትነቁራለች፣ ከትናንት ወዲያ አንዷን ጭራዋ ሥር አደማቻት፣ ሌሎቹም ተከትለው እዛው ቁስሉ ላይ መንቆር ጀመሩ። አንዷ ቄብ ሮቶው ኋላ ተደብቃ ነው የምትውለው። ዛሬ ልጄ ላስጥል ብላ ስትገባ እጇን ነከሰቻት። እንቁላሉም ወደ 3 ወርዷል፣ መኖ ስለተወደደ ከወር በፊት ጀምሮ ፉርሽካና የተረፈ እንጀራ ስለምሰጣቸው ይሆናል። ባለቤቴ እንቁላል እንዲጨምሩና ሸለምጥማጥ እንዳይጠጋ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ነጭ አምፖል አድርጎላቸዋል እሱም ምንም አልጠቀመም። ጎረቤታችን መንቁሯን በጋለ ቢላ ቁረጡት ይላል፣ አማቴ ደግሞ ዓመሏ የከፋ ዶሮ አትመለስም ትታረድ ብለዋል፣ ልጄ ታለቅሳለች። የቆሰለችዋን ኩሽና አስገብቻታለሁ። ምን ላድርግ?»

የኔ እህት፣ አይዞሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከሁሉም በፊት የምለምንሽ ብርቱካንን ዛሬ ማታ እንዳታርዷት፣ ያንን የጋለ ቢላ የሚባለውን ነገር ደግሞ ጭራሽ እንዳታስቡት ነው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ግን ደሙ።

ዶሮ ደም ስታይ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ቀይ ነገር ዓይኗን ይስበዋል፣ አንዴ ከቀመሰች ደግሞ ደጋግማ ትመለስበታለች፣ አንዷ ስትነቁር ያየች ሌላዋም ትማራለች፣ ሌሎቹም ተከትለው ጀመሩ ያልሽው ይሄው ነው። ስለዚህ የቆሰለችዋን ማውጣትሽ ትክክል ነው። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ጨው ጣል አድርገሽ እጠቢው፣ ዙሪያውን የተጣበቀ ላባ ካለ በመቀስ ቀስ ብለሽ ቁረጪው እንጂ አትንቀዪው፣ ከዛ እንስሳት መድኃኒት ቤት ሄደሽ ለዶሮ ቁስል የሚሆን ስፕሬ ጠይቂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው ቀለሙ ራሱ ቀዩን ስለሚሸፍነው ይጠቅማል። ስትገዢ ግን እንቁላልና ሥጋ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ መጠየቅ እንዳትረሺ። ቁስሉ ጠልቆ ሥጋው ከታየሽ ወይም ከሸተተ ሐኪም ይያት። ዝንብ እንዳያርፍበት ተጠንቀቂ፣ በሙቀት ሰዓት ትል ለመውለድ ቀን አይፈጅበትም።

የልጅሽን እጅ ደግሞ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ በደንብ እጠቢላት። ቆዳዋ ተቀዶ ከሆነ የቴታነስ ክትባቷ ያላለፈ መሆኑን ካርዷን እይ፣ ካበጠ ወይ ከቀላ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ነገሩ እስኪረጋጋ ብቻዋን አትግባ፣ የምፈራው ለእጇ ሳይሆን ለዓይኗ ነው፣ የ7 ዓመት ልጅ ጎንበስ ስትል ፊቷ ከዶሮዋ መንቁር ጋር እኩል ነው።

አሁን ወደ ብርቱካን። አንቺ በደብዳቤሽ ስለሷ ብዙ ጻፍሽ፣ እኔ ግን ዓይኔ የቀረው አንቺ እንደ ቀላል ነገር ባለፍሻቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። ከወር በፊት ጀምሮ ፉርሽካና እንጀራ ያልሽው፣ እና ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ነጭ አምፖል ያልሽው። እስኪ ልብ በይ፣ ይቺ ዶሮ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ሰላም ነበረች። በአንድ ወር ውስጥ ምግቧ ተቀየረ፣ ሌሊት የሚባል ነገር ቀረባት፣ ከዛ አንድ ቅዳሜ ቀን አምስት የማታውቃቸው ዶሮዎች ቤቷ ገቡ። እኔ ይሄን የዶሮዋ ዓመል ነው ልልሽ አልችልም። ዓመል ቢሆን ኖሮ ድሮ ይታይ ነበር።

ምግቡን እናስቀድም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባል የለ፣ እውነት ነው የዶሮ ጭንቅላት መኖዋ ላይ ነው። ቦቫንስ እንደ ሀበሻ ዶሮ አይደለችም፣ የሀበሻዋ ጥቂት ጥላ ታቅፋ ታርፋለች ቦቫንስ ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል እንድትጥል ተደርጋ የመጣች ዝርያ ናት። አንድ እንቁላል ውስጥ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፣ ያ ሁሉ ከሰውነቷ ነው የሚወጣው። የእንቁላል ጣይ መኖ ፕሮቲኑ ከመቶ 16 ወይ 17 አካባቢ ነው፣ እሷም በቀን ከ110 እስከ 115 ግራም ትበላለች። ፉርሽካ ሆድ ይሞላል፣ ገለባነቱ ይበዛል ጉልበት ግን የለውም፣ ላባና እንቁላል ለመሥራት የሚያስፈልጋትም የፕሮቲን ዓይነት ይጎድለዋል። ላባ ራሱ ፕሮቲን ነው እኮ። ሲጎድላት የት ትፈልገዋለች? የጓደኛዋ ጀርባ ላይ! ላባ ነቅላ ስትውጥ ካየሻት እንደ ክፋት አትይው ረሃብ ነው፣ ሆዷ ሞልቶ የሚሰማት ረሃብ። ብዙ ሰው ይሄን አያምነኝም፣ መኖው ሲስተካከል ግን በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጡን ያያል። እንቁላሉም የወረደው አንድም በዚሁ ነው።

መኖ መወደዱን አውቃለሁ፣ ሁላችንም እያለቀስን ነው የምንገዛው፣ በተለይ የሌማት ትሩፋት በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ ያልገባበት ግቢ የለም ለዶሮዎቹ ማብያ ግን ሁሉም ሰው ይቸገራል። ግን ስሌቱን ሥሪው፦ 6 ዶሮ በቀን ወደ 700 ግራም ይበላሉ። በቀን የቀረብሽን 2 ወይ 3 እንቁላል በሰፈርሽ ዋጋ አባዢው፣ ከዛ በመኖ ያተረፍሽውን አስቢው፣ እኔ እንደሚመስለኝ እየከሰርሽ ነው። ደግሞ ድንገት አትቀይሪባቸው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ መኖውን እየጨመርሽ ፉርሽካውን እየቀነስሽ ሂጂ። እንጀራውን ጨርሰሽ አትከልክያቸው፣ ከሰዓት በኋላ እፍኝ እፍኝ ምናምን ይበቃቸዋል፣ የሻገተ ብቻ እንዳይሆን፣ ሻጋታ ይገድላቸዋል። ጎመን ካለሽ ደግሞ በገመድ አስረሽ አንጠልጥይላቸው፣ እሱን እየዘለሉ ሲጎትቱ ይውላሉ። ሥራ የያዘ መንቁር ሰው ላይ፣ ይቅርታ ዶሮ ላይ አይሄድም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ ቄቦቹ የእንቁላል ጣይ መኖ መብላት የለባቸውም። ለእንቁላል ቅርፊት ተብሎ ካልሲየሙ በጣም ብዙ ነው፣ ለሦስት ወር ልጅ ኩላሊቷን ይጎዳል። ለነሱ የታዳጊ መኖ ግዢ እስኪጥሉ ድረስ፣ ማለትም እስከ አምስት ወር ገደማ። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የአንዱን እየበላ ያስቸግራል፣ ያኔ ለሁሉም የታዳጊ መኖ ስጪና የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ ወቅጠሽ በሌላ ሳህን ለብቻ አስቀምጪ፣ የምትጥለዋ ራሷ ሄዳ ትለቅማለች ቄቧ አትነካውም።

አምፖሉን ዛሬ ማታ አጥፉት። ባለቤትሽ ያሰበው ነገር መሠረት አለው፣ እውነት ነው ብርሃን ሲረዝም እንቁላል ይጨምራል፣ ግን የሚጠቅመው በቀን በድምሩ 14 ወይ ቢበዛ 16 ሰዓት ሲሆን ነው፣ የቀረውን መተኛት አለባቸው። ሃያ አራት ሰዓት ብርሃን ውስጥ ያለች ዶሮ እንቅልፍ ያጣ ሰው ማለት ናት፣ ትበሳጫለች፣ ነጩና ደማቁ ብርሃን ደግሞ እያንዳንዷን ጠባሳና ላባ የለቀቀ ቆዳ አጉልቶ ያሳያታል። ወደፊት ቄቦቹ ሲያድጉ ከፈለጋችሁ ደብዘዝ ያለ ቢጫ አምፖል ሌሊት 10 ሰዓት አብርቶ ሲነጋ ማጥፋት ይቻላል፣ ማታ ላይ ከሚሆን ጠዋት ይሻላል ማታ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል። ሸለምጥማጥን የሚከለክለው ግን ጠበቅ ያለ ሽቦና የሚቆለፍ በር ነው፣ መብራት አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ቦታው። ቤቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ነው ካልሽ 1.2 ካሬ ማለት ነው። ለአንድ ካሬ 5 ወይ ቢበዛ 6 ዶሮ ነው የሚመከረው፣ ስድስቱ ልክ ልካቸውን ነበሩ፣ አሁን 11 ሆኑ። ቆጡን ደግሞ አልጻፍሽልኝም ግን በቤቱ ስፋት ከሄድን አንድ እንጨት ነው የሚሆነው 1 ሜትር ከ20፣ አንድ ዶሮ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ትፈልጋለች፣ ስድስት ሲደረደሩ ሞላ። አምስቱ ቄቦች ማታ የት ነው የሚያድሩት? መሬት ላይ፣ የትልልቆቹ ኩስ እየወረደባቸው ጥግ ላይ ተደራርበው። አንድ ማታ በሞባይልሽ መብራት ገብተሽ እዪ እስኪ።

አማትሽ ክፋት ብለው አይደለም የተናገሩት፣ በሳቸው ዘመን በሰፊ ግቢ ያለች ዶሮ ስትባረር ወደ ጓሮ ወደ ጎረቤት አጥር ትሮጣለች፣ ያባረረቻትም ሁለት እርምጃ ሄዳ ትተዋለች፣ በቃ አለቀ። እዛ የሸሸችዋን እየተከተለች አልመለስ ያለች ዶሮ በእውነት ዓመለኛ ናት፣ ስለዚህ ፍርዳቸው ከሚያውቁት ኑሮ የመጣ ነው። አንቺ ጋ ግን ዙሪያው ግንብ ነው። የምትባረረዋ መሸሻ የላትም፣ ካልሸሸች ደግሞ ያቺኛዋ እንዳልተገዛችላት ነው የምትቆጥረው፣ ደግማ ትነቁራታለች። ሮቶው ኋላ የምትደበቀዋ ቄብ ሰነፍ አይደለችም፣ ግቢው ውስጥ ያለችውን ብቸኛ መሸሻ ያገኘች ብልጥ ናት።

ዶሮዎች መሀል ተራ አለ፣ ማን ማንን ይነቁራል የሚል። ኖርዌያዊው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት አድጎ እንደ ፈረንጆቹ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው ይሄን በጥናት የጻፈው፣ አንደኛዋ ሁሉን ትነቁራለች፣ ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በቀር ሁሉን፣ እያለ እስከ መጨረሻዋ። እናቶቻችን ግን ሳይጻፍም ያውቁታል። ነገ ጠዋት መኖ ስታደርጊ ወዲያው አትሂጂ፣ አሥር ደቂቃ ቁመሽ እዪ። ተራ የምታስከብር ዶሮ አንገቷን ቀጥ ታደርጋለች የአንገቷ ላባ ይነሳል፣ አንዴ ጠቅ ታደርግና ያቺኛዋ አንገቷን ቀብራ ስትሸሽ እሷ ወደ መኖዋ ትመለሳለች። ይሄ ኖርማል ነው፣ አትግቢበት። ብርቱካን የምታደርገው ከሱ ያለፈ ከሆነ፣ ማለትም መብላቷን ትታ የምትከታተል ከሆነ፣ የወደቀችዋ ላይ ወጥታ ደጋግማ ጭራ ሥር የምትነቁር ከሆነ፣ ያ ተራ ማስከበር ሳይሆን ልማድ ሆኗል፣ ልማዱን ለመስበር እሷን ከቦታው ማንሳት ነው።

እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት። የዛሬ ስንት ዓመት ጥቁር ዶሮ ነበረችኝ፣ ገብስማ የሆነች ሌላ ዶሮ ጀርባዋን ላጨቻት። ተጎጂዋ አሳዘነችኝና ለሷ ብዬ ሦስት ሳምንት በረንዳ ላይ ለብቻዋ አኖርኳት፣ እየመገብኩ፣ ቁስሉ ሽሮ ላባ አወጣ ደስ አለኝ። አንድ እሁድ ጠዋት መልሼ ለቀቅኳትና ቤተክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ የመኖ ዕቃው ሥር አንገቷን ጥግ ውስጥ ወትፋ አገኘኋት፣ አናቷ ተልጦ፣ ሞታለች። ገብስማዋ ብቻ አይደለችም ያደረገችው፣ ጓደኞቿ የነበሩት ሁሉ ናቸው፣ በሦስት ሳምንት ረስተዋት እንደ ባዕድ ነው የተቀበሏት። ያን ቀን ነው የገባኝ፣ መውጣት የነበረባት ገብስማዋ ነበረች። እስካሁን ያንን ጥግ ሳስበው ይቆጨኛል፣ ለዛ ነው ላንቺ እንዲህ የማስረዝመው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ብርቱካንን ዛሬ ማታ ቆጥ ላይ እያለች በሁለት እጅሽ ክንፏን ሰብስበሽ አውርጃትና ሌሎቹ ከማያዩዋት ቦታ አስቀምጫት፣ ትልቅ ሳጥን ወይ ቅርጫት በሽቦ ተከድኖ ይሆናል፣ ጥላ ያለው፣ ውሃና መኖ የማይጎድለው። ቅጣት አይደለም፣ አትምቻት አትጩሂባት፣ ዶሮ ለምን እንደተመታች አታውቅም ሰው መፍራት ብቻ ነው የምትማረው። አምስት ቀን ትቆይ። እሷ በሌለችበት አምስቱ ጓደኞቿ ተራቸውን አዲስ ይደለድላሉ፣ ስትመለስ የለመደችው ወንበር ላይ ሌላ ተቀምጣ ታገኛለች። ስትመልሻት በጨለማ ቆጥ ላይ መሀላቸው አድርጊያት፣ ቀን ላይ በጭራሽ።

ቄቦቹ ደግሞ ከትልልቆቹ ይለዩ፣ ግን በሽቦ ብቻ፣ እየተያዩ። ግቢውን በሽቦ ወንፊት ለሁለት ክፈሉት፣ ባለቤትሽ እጁ ከሠራ ይሄ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፣ ማደሪያ ለጊዜው የአትክልት ሳጥኖች ተደርበው ከላይ ቆርቆሮ ቢደረግባቸው ይበቃል። መጀመሪያውኑ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻ መቆየት ነበረባቸው፣ ለበሽታም ጭምር፣ ከገበያ የመጣ ዶሮ ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም፣ አሁን አልፏል አትጨነቂ፣ ብቻ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አንገት መጠምዘዝ፣ ድንገት መሞት ካየሽ ፈንግል ሊሆን ይችላልና ወዲያው እንስሳት ጤና ጋ ሂጂ፣ የፈንግል ክትባት ያልወሰዱ ከሆነም ጠይቂ፣ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ የሚመረት ስለሆነ ይገኛል።

ኩሽና ያስገባሻትን ብቻዋን አትተያት፣ ከእህቶቿ ጨዋዋን አንዷን ጨምሪላት። ለዚህ ነው የጥቁሯን ታሪክ የነገርኩሽ። ቁስሏ ሲሽር አዲስ ላባ እንደ ስንጥር ሆኖ ብቅ ይላል፣ ውስጡ ደም አለው፣ ያ እስኪደርቅና እስኪዘረጋ አትቸኩዪ፣ ከተነካ ይደማልና ነገሩ እንደገና ይጀምራል።

በነዚህ ሁለት ሳምንታት ቤቱን አስፉት። 11 ዶሮ ለማሳደር ቢያንስ 2 ካሬ ያስፈልጋችኋል፣ ቆጡም በድምሩ 2 ሜትር ከ20 ይሁን፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶች አድርጓቸው፣ ከፍና ዝቅ ካለ ለላይኛው ይጣላሉ። መጣያ ሳጥን ለአራት አምስት ዶሮ አንድ ይበቃል። መኖና ውሃ ሁለት ሁለት ቦታ ይሁን፣ ተራርቆ፣ አንዱ ጋ የቆመች ሌላውን እንዳታይ ተደርጎ ቢቀመጥ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ብርቱካን ሁለት ቦታ በአንዴ ዘብ መቆም አትችልም። ግድግዳው ላይ ሳንቃ አስደግፊ፣ አሮጌ ጠረጴዛ ካለ አስገቢ፣ ቅርንጫፍ ጣዪ፣ መሸሻና መከለያ እንዲኖር። ሰጋቱራ አብዝተሽ አንጥፊና ጠዋት ጠዋት እፍኝ በቆሎ በትኚበት፣ ሲጭሩ ይዋሉ። አንድ ጥግ ደግሞ ደረቅ አፈርና አመድ ቀላቅለሽ አድርጊላቸው ይታጠቡበታል። እግረ መንገድሽን ማታ ላባቸውን ገልጠሽ ጭራ ሥርና ክንፍ ሥር ተመልከቺ፣ የቆጡንም ስንጥቅ፣ ቅማል ወይ ቀይ ጥቃቅን ነገር ካለ ሌሊቱን ሲበላቸው አድሮ ነው ቀን የሚጣሉት፣ ለሱ መድኃኒት አለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቆሰለችዋ ላባ ከሸፈነች፣ አንድ ማታ ሁሉንም አዲሱ ቆጥ ላይ አንድ ላይ አሳድሪ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አንቺ እዛ ሁኚ። እሁድ ሳይሆን ቤት የምትውዪበት ቀን ምረጪ። መባረር ይኖራል፣ ጩኸት ይኖራል፣ ደም ከሌለ ዝም በይ። ደም ካየሽ አድራጊዋን አንሺ፣ ተጎጂዋን አይደለም።

ስለ መንቁሩ፣ ጎረቤታችሁ ትልልቅ እርባታ ላይ ሲደረግ አይቶ ይሆናል፣ እሱ ግን ጫጩት በተወለደች ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ በመሣሪያ በሠለጠነ ሰው የሚሠራ ነው፣ እሱም ቢሆን እያከራከረ ነው። ያደገች ዶሮ መንቁር እንደ ጥፍር ጫፍ የሞተ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ውስጡ ደምና ነርቭ አለ፣ በቢላ ሲቆረጥ ሕመሙ አይጠየቅም፣ ደም ይፈሳታል፣ ከዛ በኋላ መልቀም ያቅታታል፣ በረሃብ ትሞትብሻለች። እባክሽ ይሄን ለጎረቤትሽ በጨዋ አነጋገር ንገሪው፣ ሌላም ሰው እንዳይመክር።

መታረዷንስ? እኔ ዶሮ አይታረድም የምል ሰው አይደለሁም፣ በበዓል አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥቼ ወጥ የምሠራ ሰው ነኝ። መኖው ተስተካክሎ፣ ቤቱ ሰፍቶ፣ ሁለቴ ለብቻ ተቀምጣ ተመልሳም አሁንም የምታደማ ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ወር ከጠበቅሽ በኋላ፣ ያኔ አማትሽ ትክክል ናቸው፣ ወይ ሰፊ ግቢ ላለው ዘመድ ዓመሏን ሳትደብቂ ስጪ ወይ ትታረድ። አሁን ግን ብታርጃት መኖው ያው ነው፣ ቦታው ያው ነው፣ በሳምንቱ ሌላዋ ተነስታ ያንኑ ታደርጋለች። ለአማትሽም እንዲሁ በያቸው፣ አንድ ወር ይታገሡኝ በያቸው፣ ከፈለጉም ጠዋት ሲመገቡ አብረውሽ ቁመው ይዩ፣ ከኔም ካንቺም የበለጠ ያወቁት ይኖራል።

ለልጅሽ ግን አትዋሺያት። ብርቱካን መጥፎ ሆና ሳይሆን ተቸግራ እንደሆነ፣ እኛም የቸገራትን እያስተካከልን እንደሆነ፣ ካልተቻለ ግን ሊቀር የሚችል ነገር እንዳለ ንገሪያት። ሥራም ስጫት፣ ማታ ማታ እንቁላል ቆጥራ ደብተር ላይ ትጻፍ፣ እጇን ግን ሁሌ በሳሙና ትታጠብ። ቁጥሩ ከ3 ወደ 4 ሲወጣ መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ትሁን።

እኔ ግን የምጠብቀው እንቁላሉን አይደለም። ሮቶው ኋላ ያለችዋ ቄብ ማንም ሳያወጣት ወጥታ፣ ከብርቱካን ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆማ ስትበላ ያየሽ ቀን ጻፊልኝ።